ሻንግ ያንግ ማደሪያ ያጣ ዕለት

ጋሼ ጌታቸው በሩን ከፈቱ እንጂ «ግቢ» አላሉም። ሀረገወይን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ካለው አፓርታማቸው ደጃፍ ቆመች።

«ሰምቻለሁ» አሉ። የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው። «ወንድምሽ ማቲዎስ ለእኔም ልጄ ነበር።»

«ታዲያ ዕድሩ መቼ ይመጣል?»

«ሦስት ቀብር ቀርተሻል፣ ሀረግ። ሦስት የቀረ ይሰረዛል፤ ለቅሶው ላይም አባል አይደርስም። ያስወሰንሽው አንቺ ነሽ።»

እሷው ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ሰው ከቀብር እየቀረ ዕድሩ ሊፈርስ ሲል፣ ተነስታ «ለሰው ፊት የሚያዳላ ሕግ፣ ሕግ አይደለም» ብላ አስጨብጭባለች። መጀመሪያ የተሰረዘችው ተናኘ ነበረች። እናቷ ባረፉ ጊዜ ተናኘ ሳሎኗ ውስጥ ብቻዋን አለቀሰች። ሀረገወይን ከመስኮቱ ሥር አውቶቡስ ስትጠብቅ ድምጿን ሰምታለች። አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፈረች።

ሀረገወይንን ራሷን ከቀብር ያስቀራት የቅዳሜ ትምህርቷ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ በአርባ ስምንት ዓመቷ ማንበብ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ያነበቡት ስለ ሻንግ ያንግ ነበር። በጥንት ቻይና የቺን መንግሥት ሹም ነው፤ መስፍኑም ገበሬውም በአንድ ሕግ እንዲዳኙ ያደረገ። ደጋፊው ገዥ ሲሞት ጠላቶቹ አሳደዱት። ሸሽቶ አንድ ማደሪያ ቤት ቢደርስ፣ ባለቤቱ ማንነቱን ሳያውቅ «መታወቂያ የሌለውን ያሳደረ ይቀጣል፤ የሻንግ ያንግ ሕግ ነው» ብሎ መለሰው።

አስተማሪዋ «ጥፋቱ የማን ነው?» ስትል ሀረገወይን ቀድማ እጇን አውጥታ ነበር። «የማንም። ባለቤቱ ልክ ነው።»

አሁን ግን ሻንግ ያንግ ከዚያ ማደሪያ ደጃፍ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንደቆየ ማወቅ ፈለገች።

ልጇ ሐሴት ደጅ ከቆመው መኪናቸው መስኮት አንገቷን አወጣች። «ማሚ፣ ጀስት ሶሪ በያቸው! ዋትስ ሶ ሃርድ?»

«ለእኔ አይደለም ሶሪው» አሉ ጋሼ ጌታቸው። «ሕጉን ብቻዬን ልሽረው አልችልም። አባላቱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ 'ተናኘስ ምን አለች?'» ስልካቸውን አውጥተው ለተናኘ ደወሉና ሰጧት።

«ሀሎ፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ፣ ተናኘ። ሀረገወይን ነኝ።»

ከወዲያ የውሃ ቧንቧ ሲዘጋ ተሰማ።

«ማን ሞተብሽ?» አለች ተናኘ። «ያለዚያማ አትደውዪልኝም።»

ሀረገወይን ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሬሳው፣ ስለ ቀብሩ ቦታ፣ ስለ ዕድሩ ስታወራ ውላለች። «ሞተ» የሚለውን ቃል ግን ገና ከአፏ አላወጣችም።

«ማቲዎስ» አለች። ቀሪው አልወጣ አላት።

ተናኘ ስልኩን አልዘጋችም። ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማ።