ስድስት እርምጃ

ሰሚራ የምትሠራበት ቢሮ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚሠሩት ሆስፒታሎች የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበትን ሶፍትዌር ነው። የሶፍትዌሩ ኮድ ከነለውጡ ታሪክ የሚቀመጠው ጥግ ላይ ባለ አሮጌ ማሽን ውስጥ ነበር። በማሽኑ ውስጥ ያለውን የኮድ ማኅደር የፈጠረው ኩባንያ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ ጠባዩን የሚያውቁት ለቢሮው ሰው ሁሉ ሥራ ያስተማሩት ጋሽ ነጋ ብቻ ናቸው።

አምና ሥራ አስኪያጁ ፈሀድ አዲስ የኮድ መገምገሚያ ፕሮግራም አስገባ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ ካላጸደቀው ወደ ሆስፒታል አይሄድም ተባለ። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ግን መገምገሚያው አሮጌውን ማኅደር ጭራሽ አያውቀውም። እንደ ልማዳችን ነገሩ በእጅ ተጠጋገነ። ጋሽ ነጋ የለወጡትን ኮድ ገልብጠው መገምገሚያው ላይ ይለጥፋሉ፣ ሰሚራ አይታ ታጸድቃለች፣ ከዚያ እሳቸው ተመልሰው ማሽናቸው ውስጥ ያስገቡታል። የጸደቀውና የገባው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠው የእሳቸው ዓይን ብቻ ነው። ዓይናቸው መድከሙን ደግሞ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። ደፍሮ የሚናገር ግን ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን ሰሚራ በሕፃናት ስሌት ውስጥ ነጥብ ጎድላ አገኘች፤ ዜሮ ነጥብ አምስት መሆን የነበረበት አምስት ሆኗል። ጻፈችላቸው፤ አርመው መልሰው ለጠፉት፤ አጸደቀችው። ወዲያው ከጥጉ ጠሯት።

«ሰሚዬ፣ ነይ እስቲ ሳስገባው አብረን እንየው።»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎን ደግሞ እኔ ልቆጣጠር?» አለች እየሳቀች።

ከወንበሯ እስከ ማሽኑ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ስንፍና አልነበረም፤ ያስተማሯትን ሰው በሰው ፊት ማረም ነውር መስሏት እንጂ። ይሉኝታ የስንቱን ቤት አፍርሷል! ጋሽ ነጋም ፈገግ ብለው ዞሩና አስገቡ። ያስገቡት ያልታረመውን ቅጂ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የሰባት ወር ሕፃን አሥር እጥፍ መድኃኒት ተሰጥቷት ሞተች።

ፈሀድ ሁለቱን ጠርቶ መገምገሚያውን ከፈተ። ነጥቧ በቦታዋ አለች፤ ከሥሯ የሰሚራ ስም በአረንጓዴ ተጽፏል። «አንቺ ንጹሕ ነሽ» አላት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ነጋ። «ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔው ነኝ።»

«ጠርተውኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ሰሚራ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ከተናገረች አብራ ልትጠየቅ ነው። ፈራች። የከተማው ባቡር በመስኮቱ በኩል መስታወቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፤ ከዚያም ዝም እንዳለች ቀረች።

ጋሽ ነጋ ኮታቸውን አንሥተው «አይዞሽ ልጄ» ብለዋት ወጡ። ቢረግሟት ይሻላት ነበር። በሁለተኛው ቀን ለምርመራ ተጠርተው ሄዱ፤ እዚያው ታሰሩ።

ፈሀድም ኮዱን ሁሉ ወደ አዲስ ማኅደር አሻግራ አሮጌውን ማሽን እንድትዘጋው ሰሚራን አዘዛት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሰሚራ ስድስቱን እርምጃ ሄዳ የጋሽ ነጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ማሽኑ ለውጥ በገባ ቁጥር ማስታወሻ ያስጽፋል። የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ጋሽ ነጋ አማርኛውን በላቲን ነበር የሚጽፉት። የመጨረሻውን ቀስ እያለች አነበበችው።

«ነጥቧን ሰሚራ አገኘቻት። ሳስገባው አብረን እንየው ብላት አምናኝ ቀረች። ዓይኔ ዛሬ ደክሟል፤ ትክክለኛው ቅጂ ይህ ይመስለኛል።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሲወጣላት ቀና ብላ ማሻገሪያውን ጀመረችው። ኮዱ ተሻግሮ አለቀና ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ማስታወሻዎቹም ይሻገሩ? ካልተሻገሩ ከማሽኑ ጋር ይጠፋሉ።

የጋሽ ነጋን ማስታወሻ እንደገና አነበበችው። በመጨረሻ «አይሻገሩ» የሚለውን ተጫነች፤ ማሽኑንም አጠፋችው።