ቦቱ የማያውቀው ስም

የ2014 ጳጉሜን ገብቷል፤ የወሎዋ መርሳ ከተማ ግን ለእንቁጣጣሽ ጊዜ አልነበራትም። ቆቦ ላይ ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ ሕዝቡ በእግሩም፣ በጋሪም፣ በአይሱዙም እየጎረፈ መጥቶ ትምህርት ቤቱንና ከከተማዋ ማዶ ያለውን የእህል መጋዘን ሞላው። ኔትወርክ ደግሞ ድራሹ ጠፍቷል። እናት ትምህርት ቤቱ፣ ልጅ መጋዘኑ ውስጥ ሆነው በአንድ ከተማ ይፈላለጋሉ።

ዓቢዳ የኮምፒውተር አስተማሪ ናት፤ እልኸኛም ናት። ኢንተርኔት የማይፈልግ የመልእክት መለዋወጫ በራሷ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫነች፤ በሁለቱ መጠለያዎች ጣሪያ ላይ አንቴና አቁማ አገናኘቻቸው። ስልክ ያለው ሁሉ በዋይፋይ ይገባል። ቀጥላ ቦት ልትጨምርበት ተነሳች፤ የጠፋ ሰው ስም ሲጻፍለት የተፈናቃዮችን መዝገብ አይቶ የት እንዳለ የሚመልስ ፕሮግራም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዌብሁክ ነው፤ መልእክት በመጣ ቁጥር መለዋወጫው ራሱ ሄዶ ቦቱን «ተነስ፣ ሥራ መጣ» ይለዋል።

ቦቱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጭጭ አለ።

«ይሄ ነገርሽ ዱዳ ነው እንዴ?» አላት መዝገቡን የሚጽፈው የሒሳብ መምህር ሞገስ።

«ዱዳስ እኔ!» አለች በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ግንባሯን በመዳፏ መትታ። የሞላችው የቦት አድራሻ ድሮ ስትለማመድበት የነበረው፣ ውጭ አገር ያለው ኮምፒውተር ነበር። መለዋወጫው በሌለ ኢንተርኔት የሰው አገር በር ሲያንኳኳ ሰንብቷል። የላፕቶፑን የራሱን ቁጥር አስገባችና ስሟን ጻፈች። «ዓቢዳ ኡበይደላ፣ ትምህርት ቤቱ» ሲል መለሰላት። አልሐምዱሊላህ አለች፤ ከደስታዋ ብዛት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ እማማ የሺ ነበሩ። ከቆቦ ሲወጡ በግርግሩ መሐል ነፍሰ ጡር ምራታቸው ጠፍታባቸዋለች፤ ወሯ ገብቷል። ባሏ፣ የእማማ የሺ ልጅ፣ ግንባር ነው። «ዛሬ ካላገኘኋት ወደ ቆቦ ተመልሼ ነው የምሄድ» ብለው ስንቃቸውን ቋጥረዋል። በዚያ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ እየወረደ እንደሆነ ሁሉም ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን አልሰሙም።

«ስሟን ይንገሩኝ።»

«ብርቄ።»

ቦቱ ወዲያው መለሰ፦ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም።»

እማማ የሺ ነጠላቸውን አጣፉና ስንቃቸውን አነሱ። ዓቢዳ ደነገጠች፤ አንድ ነገርም ጠረጠረች።

«ቆይ እማማ፣ ብርቄ ያላት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሙሽራ ሆና ስትገባ ያወጣሁላት ነው። ወጉ አይደል?»

«እናቷ ያወጡላትስ?»

«በሽምግልናው ሰምቼው ነበር። አራት ዓመት ብርቄ፣ ብርቄ ስላት ከልቤ ወጣ። አባቷንም ሰዉ በቅጽል ስማቸው አባ ጥጉ ነው የሚላቸው።»

ዓቢዳ በራሷ በገነች። የወሎ ልጅ ሆና፣ የሰፈሯ ምራት ሁሉ አማት ባወጣችው ስም ስትጠራ እየሰማች አድጋ፣ መዝገቡን ስታዘጋጅ የመታወቂያውን ስም ብቻ አስጠየቀች።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ። ወላሂ አንድ ሰዓት ብቻ።»

እማማ የሺ ስንቃቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ዓቢዳ መዝገቡ ላይ አዲስ ቦታ ከፈተች፤ ቦቱም መጋዘኑ ውስጥ ላለ ስልክ ሁሉ እንዲህ ሲል ላከ፦ «አማትሽ ያወጡልሽ ስም ካለ ጻፊ። ስልክ ለሌላት ጎረቤቷ ትጻፍላት።»

መልሱ ይጎርፍ ጀመር። ድንቄ፣ አስካል፣ የኔዓለም...

«ይሄ ሁሉ ሰው ሁለት ስም ይዞ ነው የሚኖረው?» አለ ሞገስ።

«አንተን ማን ዳረህና ታውቃለህ!»

አርባ ያህል ከመጡ በኋላ አንዱ ላይ ዓቢዳ ከወንበሯ ብድግ አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፦ «ብርቄ። መዝገቡ ላይ ፀሐይ አለሙ ነኝ። አማቴ የሺ ይባላሉ። ከትናንት ወዲያ ወንድ ልጅ ተገላግያለሁ። ስም አላወጣሁለትም፤ እሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።»

እማማ የሺ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ስሙን ይንገሩኝና አሁኑኑ ልላክላት» አለቻቸው ዓቢዳ፣ እሷም እያለቀሰች።

«ኧረ ተይኝ!» አሉ ተነስተው። «ሳላቅፈው እንዴት አድርጌ አወጣለሁ?»

ባጃጅ እስኪመጣላቸው እንኳ አልጠበቁም፤ በእግራቸው ወደ መጋዘኑ ገሰገሱ።