ከወገብ በላይ

ዓለም ለጫማ ሰፊው ለወስፌ ከጉልበት በታች ነበረች። የሥራ ክፍሉ ከመንገዱ ዝቅ ያለች ምድር ቤት ናት፤ ያለቻት አንዲት መስኮት ከእግረኛ መንገዱ እኩል ተከፍታ ቀኑን ሙሉ ጫማ ታሳልፋለች። ፊት የለ፣ ኮት የለ፣ ባርኔጣ የለ። ታኮ ቀጭ ቀጭ እያለ ይመጣል፣ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ እያለ ይሄዳል፣ ሸራ ጫማ እንደ ድመት ድምፁን አጥፍቶ ይሾልካል። ወስፌ መዶሻውን እንደያዘ ዓይኑ ክድን ሲል፣ ጫማዎቹ ሰው ሳይሸከሙ ለብቻቸው የሚሄዱ ይመስለዋል፤ ተጨቃጭቀው፣ ታርቀው፣ የሚያደርሱትን አድርሰው የሚመለሱ።

ወስፌ ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ስሙ ከሥራ መሣሪያው የመጣ ይመስላል እንጂ እውነቱ ከምላሱ ነው፤ ቆዳ የሚበሳውን ያህል ሰውም ይበሳል። አብልጦ ሲበሳው የኖረው ደግሞ ከራሱ በላይ፣ በዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ፎቶ ቤት የነበረውን ሰው ነው። ፎቶ አንሺው ከሞተ ስምንት ወሩ። ወስፌ ቀብሩ ላይ ቆሟል፤ ግን ከሁሉ ኋላ፣ ጫማውን እንኳ ሳይወለውል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው መሆኑን ያውቃል። ቢያውቅም ቂሙን ይዞ ሄደ፣ ይዞት ተመለሰ።

ቂሙ የሠላሳ ሁለት ዓመት ነው። ያኔ ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ። ባዶ እግሩን ወይም ያለቀ ጫማ አድርጎ ለሚመጣ ሰው ፎቶ ቤቱ ጫማ ያውስ ነበር፤ አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት። ሁለቱንም የሠራው ወስፌ ነው። ማንኛውም እግር እንዲገባበት ብሎ የኋላውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ በክር እንዲታሰር አደረገው። ከፊት ሲያዩት የሹም ጫማ ነው፤ ከኋላ አፉን ከፍቷል። አይራመዱበትም። ለመቆም ብቻ የተፈጠረ ጫማ! የሰፈሩ ሰው ግማሹ በዚያ ጫማ ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል። በየፎቶው ጀርባ የተመታው ማኅተም ግን የፎቶ አንሺው ብቻ ነበር። ቆሞ የሚሠራ ስም ያገኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራን ማን አየው?

ይህን እንኳ በሳቅ አልፎታል። ያላለፈው ሌላ ነው። ባገባ ሰሞን፣ ከሥራ የተረፈችውን ሰዓት ሁሉ ለቃቅሞ፣ በሦስት ወር ለራሱ ጫማ ሠራ። ነጭና ቡናማ፣ አፍንጫው ላይ በወስፌ ጫፍ የተጠቀጠቀ አበባ ያለበት። እንዲያ ያለ ጫማ ከዚያ በፊት አልሠራም፤ ከዚያ በኋላም እጁ እንቢ አለው። «ተነሺ፣ ፎቶ እንነሣለን» አላት ሚስቱን። «አንቺ የፎቶ ቤቱን ታደርጊያለሽ።» ፎቅ ወጡ። «እግሬን እንዳትረሳ!» አለው ፎቶ አንሺውን። «ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር!» አለ ያኛው።

በሳምንቱ ሚስቱ ፎቶውን ይዛ መጣች። ከወገብ በላይ ነው።

ወስፌ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። «ምን በደልኩህ?»

ፎቶ አንሺው ፎቶ በሚያጥብበት የጨለማ ክፍል በር ላይ ቆሞ እጁን በፎጣ ያደርቅ ነበር። «እንደዚህ ይሻላል ብዬ ነው» አለ።

«የጫማ ሰፊ እግር ፎቶ አይገባውም ማለትህ ነው?»

ፎቶ አንሺው እንደገና እጁን ማድረቅ ጀመረ። ዝም ያለ ሰው ያመነ ነው፣ ብሎ ወስፌ ወረደ። ያንን ደረጃ ዳግመኛ አልረገጠውም።

ፎቶ አንሺው ግን በየማለዳው በመስኮቷ ሲያልፍ ቆም ይል ነበር። ከጠቡ ወዲህ የሚያደርገው የፋብሪካ ጫማ ነው፤ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከሩቅ ይታወቃል። ጫማዎቹ አፍንጫቸውን ወደ መስኮቷ አዙረው ጥቂት ይቆማሉ። ወስፌ የሚመታው ሚስማር ባይኖረው እንኳ ባዶ ብረቱን ይቀጠቅጣል። ጫማዎቹ ጥቂት ያመነታሉና ሲጥ ሲጥ እያሉ ይሄዳሉ።

«ሊያሾፍብኝ ነው የሚቆመው» ይላል ለሚስቱ።

«ተወው እባክህ አንተ ሰውዬ። ምን አደረገህ?» ትላለች፣ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳትል። እስከ ሞተችበት ቀን ሌላ መልስ አልነበራትም። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸራ ጫማ መስኮቷ ላይ ቆመ። ቆመና አልሄድ አለ። ከዚያ ጉልበት መጣ፣ ከጉልበቱ በላይ ደግሞ ፊት። በዚያች መስኮት ፊት ሲገባ የመጀመሪያው ነበር፤ ወስፌ ደነገጠ።

«ጋሼ ወስ… ጋሼ! ደህና አደሩ?»

«ጨርሺው እንጂ። ወስፌ በይ። ያወጣልኝ አባትሽ ነው ይባላል።»

የፎቶ አንሺው ልጅ ናት። የአባቷን ፎቶዎች በድሮው ፎቶ ቤት ሰቅላ ለሰው ልታሳይ ነው። ድሮ ግድግዳ ላይ መስቀል ይባል የነበረውን፣ የተማሩት ኤግዚቢሽን ይሉታል። ችግሯ ዓመቱ ነው፤ አባቷ ዓመት አይጽፍም ነበር።

«ጋሼ ፎቶ አይተው፣ በጫማው ብቻ ዓመቱን ይነግሩሻል አሉኝ ሰፈርተኞቹ።»

«አባትሽ ዓመቱንም ቆረጠው? መቁረጥ ይወድ ነበር።»

ልጅቷ አልተቀየመችም፤ ሳቀች። ይህ አናደደው። ለመጣላት የተዘጋጀን ሰው በሳቅ ማሳፈር ግፍ ነው።

«ስሚ» አላት። «እመጣለሁ። ግን የእኔና የባለቤቴ ፎቶ ሙሉው ካለ፣ ከነእግሬ ትሰቅዪዋለሽ። ከሥሩም ‹ጫማውን የሠራው እሱ ራሱ ነው› ብለሽ ትጽፊያለሽ። በትልቁ።»

«ካገኘሁት ቃሌ ነው፣ ጋሼ።»

ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ደረጃውን ወጣ፤ አንድ አንድ እያለ።

ፎቶ ቤቱ እንደ ጥንቱ ነበር። ጣሪያው መስታወት ነው፣ ብርሃኑ እንደ ተጣራ ወተት ይወርዳል። ከግድግዳው ላይ ሰው ፎቶ ሲነሣ ከኋላው የሚሆነው የተቀባ ሸራ ተንጠልጥሏል፤ ሐይቅ፣ ከሐይቁም የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ፣ መጨረሻው የማይታይ። ወለሉ በሙሉ ፎቶ ለብሷል። ወስፌ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው በመካከላቸው ገባ፤ እንደ ሕልም ሰው፣ ሳይሰማ።

ፊታቸውን አላየም። ከታች ጀመረ።

«ይሄ የአያትሽ ሥራ ነው፤ ፎቶ ቤቱ ከአባትሽ በፊት የሳቸው ነበር፣ እጅግ ጥንት። ሰውየው ጫማውን አላደረገውም፣ አየሽ? አጠገቡ አቁሞታል። ያኔ ጫማ የሚደረግ ሳይሆን የሚታይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ አውልቆ በብብቱ ይይዘዋል፤ እግር ይታጠባላ፣ ጫማ ግን ከበሰበሰ በሰበሰ።»

ልጅቷ ትጽፋለች።

«እነዚህ ደግሞ ከመኪና ጎማ የተቆረጡ። ጭቃ ላይ የረገጡበትን ስታዪ መኪና ያለፈ ይመስልሻል። ይሄ የላስቲክ ጫማ የገባ ዓመት ነው፤ ፀሐይ ላይ እግር ይቀቅል ነበር፣ ግን ሁሉም ስቀዋል። አዲስ ነዋ! ይሄ አፍንጫው የሾለው የመጣ ጊዜ፤ ስንት ትንሽ ጣት ፈጀ። ይሄ ደግሞ ወንዱም ሴቱም ታኮ ላይ የወጣበት፤ በዚያ ዓመት አጭር ሰው አልነበረም።»

«ይሄስ ጋሼ?»

«ስኒከር። ከዚህ ወዲያ እኔን አትጠይቂኝ። በማስቲሽ የተጣበቀ ነገር ሲላቀቅ ይጣላል እንጂ አይሰፋም።»

በመካከል በመካከሉ ግን እነዚያ ሁለት ጫማዎች ብቅ ይላሉ፤ የወንዱና የሴቱ፣ የእጁ ሥራ። ሙሽራ ላይ፣ አስተማሪ ላይ፣ ልጅ ታቅፋ በቆመች እናት ላይ፣ ሽበታም ላይ። ሰው ይለወጣል፣ ጫማው ያው ነው። እያየ ሲሄድ፣ ሰዎቹ ጫማውን ያደረጉት ሳይሆን ጫማው ሰዎቹን በየተራ እየለበሰ የሚያወልቃቸው መሰለው። በሁለት ቀን መቶ ስልሳ ፎቶ ለየላት፤ የእሱን ግን አላገኙትም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ከአባቷ ሣጥን አንድ የወረቀት ፖስታ ከነኔጌቲቩ አወጣች። ጨለማ ክፍል ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ውኃው ያልተንጠፈጠፈ ትልቅ ፎቶ በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ፊቷ ግን የምሥራች ፊት አልነበረም።

«ተገኘ?»

«ተገኝቷል፣ ጋሼ። ይቀመጡና ይዩት።»

ቆሞ አየው። ጫማው ነበረ! ነጭና ቡናማው ግራጫ ሆኖ፣ አበባው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ተቆጥሮ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ታጥቦ የቆየ ያህል ያበራል። «ይኸው!» ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን በልማዱ ወለሉን ይዞ ወደ ጎን፣ ወደ ሚስቱ እግር አለፈ።

ሚስቱ ወደ እሱ ዘንበል ብላ፣ ጎኗን ለካሜራው ሰጥታ ቆማለች። እግሯ ላይ የፎቶ ቤቱ ጫማ ነው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የሹም፣ በጎኑ ለሚያዩት ግን አፉን የከፈተ። ክሩ ተፈትቷል። ከስንጥቁ ተረከዟ ወጥቷል፤ ክብ፣ ባዶ፣ በሥራ የተሰነጣጠቀ። አጠገቧ ባሏ እንደ ደመራ ተኳኩሎ ቆሟል።

ልጅቷ ፖስታውን አቀበለችው። የፎቶ አንሺው እጅ ጽሑፍ ነው፦ «ከወገብ በላይ ይታተም። ሚስቱ ሙሉውን አይታ አልወደደችም። ‹የጫማ ሰፊ ሚስት ተረከዝ ብለው በባሌ ይስቁበታል› አለች። ለእሱ እንዳልናገር አስምላኛለች።»

ወስፌ አሁን ተቀመጠ። ያን ቀን ያላት ሁሉ መጣበት። «አንቺ የፎቶ ቤቱን ታደርጊያለሽ» ብቻ አልነበረም። «ከኋላ ማን ያይሻል?» ብሏት ነበር።

«አባቴ ሲታመም» አለች ልጅቷ በቀስታ፣ «‹ያ ሰውዬ አንድ ቀን መዶሻውን ቢያስቀምጥልኝ እነግረው ነበር› ይል ነበር። ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

«መሐላውን ሊያፈርስ?»

«እንጃ። ምናልባት ደህና አደርክ ሊልዎት ብቻ።»

ብርሃኑ ከጣሪያው ወረደ። የተቀባው ሐይቅ የተነቃነቀ መሰለ።

«ጋሼ፣ ቃል ገብቼልዎታለሁ። ልስቀለው?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቃት ጥያቄ ናት። ወስፌ ግን መልስ እንደመስጠት ከኪሱ በሰም የታሸ ክር አወጣ። መደርደሪያው ላይ ያ የሴት ጫማ አሁንም አለ፤ አወረደው። ሶሉን ገለበጠው፤ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ አንዲት እርምጃ አልሄደም፣ እንደ ሕፃን ውስጥ እግር ንጹሕ ነው። ክሩን በፎቶው ላይ ከጫማው አፍንጫ እስከ መጨረሻው ዘረጋ፣ ቋጠረ። ከዚያ የተረከዟን ትርፍ ለካ፣ ደግሞ ቋጠረ። ከንፈሩ ይቆጥራል።

«ይሄን ጫማ በሠላሳ ስድስት ቁጥር ፎርማ ነው የሠራሁት» አለ። «ተረከዟ ይሄን ያህል ካለፈ… ሠላሳ ስምንት ናት። ሠላሳ ስምንት ነበረች።»

«አያውቁም ነበር?»

«የተገኘውን ትገዛለች፤ ሰፊ ከሆነ አፍንጫው ላይ ጥጥ ትወትፋለች። እኔ ሲቀደድ እጠግናለሁ። እግሯን ለክቼው አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት!» ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «እሷ እንዳለችው ስቀዪው። ከወገብ በላይ።»

«የእርስዎ ጫማስ?»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳይታይ ኖሯል። ልምድ አለው።»

ፎቶዎቹ በተሰቀሉ ቀን ሰው ደረጃውን ሞላው። ሁሉም እንደ ወጉ ፊት ፊት ያያል። ከአንዱ ፎቶ ሥር ወለሉ ላይ ግን አንድ አዲስ የሴት ጫማ ተቀምጦ ነበር፤ ነጭና ቡናማ፣ አፍንጫው ላይ አበባ፣ የኋላው ድፍን፣ በሁለት ረድፍ ጥብቅ ስፌት። ግድግዳው ላይ ወጣት ባልና ሚስት ከወገብ በላይ ይታያሉ። ወንዱ ኩሩ ነው፤ ሴቷ ሳቋን ይዛለች።

«ውይ ሲያምር!» አለች አንዲት ዘናጭ። «ልሞክረው?»

«ሠላሳ ስምንት ነሽ?» አለ ወስፌ ከጥግ።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው እለፊ።»

በማግሥቱ ምድር ቤቱ ወረደ። ሰውየው ተለውጦ መልአክ ሆነ የሚል ካለ አያውቀውም፤ ጠዋቱን አንድ የተላቀቀ ስኒከር ያመጣን ጎረምሳ አበሻቅጦ መልሶታል። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ በመስኮቷ ገብታ ዓይኑን ክድን አደረገችው፣ ጫማዎቹም ለብቻቸው መሄድ ጀመሩ። በአንድ በኩል የድንጋይ ደረጃ የሚወርድ የሴት እርምጃ መጣ፤ ታኮው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ተረከዙ አይንሸራተትም። በሌላ በኩል ከሩቅ የሚታወቅ ሲጥ ሲጥ። ሁለቱም መስኮቷ ጋ ደርሰው አፍንጫቸውን አዞሩና ቆሙ።

ወስፌ መዶሻውን አስቀመጠ።