የተገለበጠው ሳህን

ከላስታ ወጥተው የማያውቁት የገነተ ማርያሙ ቄስ ወልደ ሩፋኤል፣ በደርግ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍረው የእስያዋ በርማ ደረሱ። የሚገዙን ወታደሮች ያን አገር ለሚገዙት ወታደሮች «እኛም ቄስ አለን» ለማለት ላኳቸው፤ ለገበያ እንደሚያሳዩት እፍኝ እህል። ሲመለሱ ልጃቸው ዲያቆን ሙሉሃብት ከማኅሌት ላይ ተይዞ፣ ለውትድርና ሊጫን ላሊበላ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ጠበቃቸው። እሳቸው በሰው አገር ስለ እምነት ነፃነት ሲመሰክሩ ነው እንግዲህ!

የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ካድሬው ታፈረ ኪስ ነው። ይህ እሳቸው ያጠመቁት ታፈረ በአደባባይ እግዜር የለም ይላል፤ ከመጋዘኑ ጓሮ ግን ግራ ቀኙን አይቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ መስቀል ይሳለማል። ቄሱ ያዩትን ለሕዝብ እንዲናገሩ ስብሰባ በተጠራበት ቀንም አስቀድሞ ተሳለመና፣ «አባ፣ በርማ ላይ መነኮሳቱና ወታደሩ በፍቅር ሲኖሩ አየሁ ይበሉ። ሙሉሃብት ዛሬ ቤቱ ያድራል» አላቸው። ቄሱ መስቀሉን የዘረጉበት እጃቸው አስጠላቸው።

ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ባለቤታቸው አመተ ሥላሴ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። ለልጄ ስል ሆድ ይፍጀው አሉና ጀመሩ።

«እምነታቸው የቡድሃ ነው። መቅደሳቸው ወርቅ የተቀባ፤ እንደኛው ጫማ አውልቀው ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት መነኮሳቱ ሳህን ይዘው ይወጣሉ፤ ሩዝ የሰጣቸው ጽድቅ ያገኛል።»

«ወታደሩም ይሰጣል ይበሉ!» አለ ታፈረ።

«ወታደሩም ይሰጣል። አንድ መኮንን ትኩስ ሩዝ ይዞ ቆሞ አይቻለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም አሉ። ሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት ኋላውን የሚያይበት ያ አገር ትዝ አላቸው። ምን ትዝ ማለት ያስፈልጋል፣ ፊታቸው የተቀመጠው ሕዝብም ኋላውን እያየ ነው! ደማቸው ፈላ።

«ሽማግሌው መነኩሴ መኮንኑ ፊት ሲደርሱ ሳህናቸውን ገለበጡት። ምንድነው ብዬ አስተርጓሚውን ብጠይቅ፣ ሰው ከሚያስርና ከሚገድል እጅ አንቀበልም፣ ጽድቅም የለህም ማለት ነው ብሎ ሹክ አለኝ። ያ መሣሪያ የታጠቀ ሰውዬ ሩዙን እንደያዘ ተንቀጠቀጠ።»

«ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!» ታፈረ ከመቀመጫው ዘለለ። «ስብሰባው አብቅቷል! ልጅዎም ነገ ይጫናል!»

አመተ ሥላሴ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ቄሱ ልጃቸውን በግድግዳው ቀዳዳ እንኳ ልሰናበት ብለው ወደ መጋዘኑ ጓሮ ዞሩ። ታፈረ ከኋላቸው መጣ። ሊመታኝ ነው ሲሉ፣ ግራ ቀኙን አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ እንደ ልማዱ ግንባሩን ዝቅ አደረገ።

ቄሱ መስቀሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«አባ?»

«በሩን ክፈት።»

«እኔ እኮ ታዝዤ ነው፣ አባ።»

«እኔም ታዝዤ ነው በርማ የሄድኩት። ክፈትና ና፤ ያኔ አሳልምሃለሁ።»

ታፈረ ኮፍያውን በአንድ እጁ፣ ቁልፉን በሌላው ይዞ፣ ሰው ይየው አይየው እንኳ ረስቶ ቆመ። ከውስጥ ሙሉሃብት «አባባ!» ሲል ሁለቱም ሰሙት።