የሾፌሩ ዲንሳ ክስ

«ዛሬ ሠልስቱ ነው። ነገ ከለቅሶ ቤት ተነሥተሽ ፍርድ ቤት ብትሄጂ የኮተቤ ሰው ምን ይላል?» አሉ አቶ ነገሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል።

ጂቱ የሟች ባሏን ታላቅ ወንድም ቀና ብላ አየቻቸው። «ቀጠሮው የእሱ ነው፣ ጋሼ። ቢኖር አይቀርም ነበር።»

«እሺ፣ ሂጂ። ግን ‹ሳያውቅ ነው ያጨበጨበው› በያቸው። ያዝኑልሻል።»

ጂቱ ፊቷን ወደ ለቀስተኛው አዞረች።

ባሏ ዲንሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ክብር ዘበኛ መንግሥት ሊገለብጥ በተነሣ ሰሞን፣ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሲሰለፉ መኪናውን ዳር አቁሞ አጨበጨበ። ግርግሩ ሲከሽፍ አለቃው በዚሁ ሰበብ አባረረው። ዲንሳም ከሰሰ። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት እሱ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ እየፈለጠ በሚያመጣው ነበር።

«ይቅርታ ጠይቀህ ብትመለስ ምን አለበት?» ትለው ነበር በቁጣ።

«ደግፌያለሁ፣ ጂቱ። ሥራዬን ግን አልበደልኩም። ሕጉ ሁሉም እኩል ነው ካለ፣ እኔን ምን ለየኝ?»

ክረምት ላይ አለቃው «ተሳስቻለሁ ይበልና ልመልሰው» ብሎ ላከበት። ዲንሳ እምቢ አለ። ዝናብ እየመታው እንጨቱን ሲፈልጥ ሰነበተ፤ ሳንባውን ታሞ ተኛ፤ በዚያው አልተነሣም።

«እያወቀ ነው ያጨበጨበው» አለቻቸው ጂቱ አቶ ነገሳን፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶች እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብላ። «ሞኝ ነበር ብዬ አልመሰክርበትም።»

በማግስቱ ከል እንደለበሰች ችሎት ገባች።

«ዲንሳ ሂርጳ!» ብሎ ተጣራ አስተናባሪው።

«አቤት!» ብላ ተነሣች። «ሚስቱ ነኝ። ዓርብ ቀበርነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሰልፉ አጨብጭቧል?»

«አጨብጭቧል፣ ጌታዬ። የተባረረውም ለዚሁ ነው። በሥራው ግን አንድ ጥፋት አላገኙበትም።»

ዳኛው መዝገቡን አገላበጡ። በመጨረሻ ክሱ በሚስቱ እንዲቀጥል፣ አለቃውም በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሱ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ አዘዙ።

ጸሐፊው መዝገቡ ላይ እንድትፈርም ቀለም አቀረበላት።

«የቱ ጋ ነው ስሙ?» አለችው።

አሳያት። አውራ ጣቷን ነክራ ከስሙ አጠገብ ተጫነች።

«ይበቃል፣ እህቴ» አላት።

ጂቱ ግን ጣቷን ቶሎ አላነሣችም።