ከማሽኑ ሥር የተኛው ውሻ

ውሻዬን ለማስገደል የደወልኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቁርሴን በልቼ፣ አንድ የበር መቃን ለክቼ፣ ከዚያ ስልኬን አነሳሁ። ተናድጄ ባደርገው ኖሮ ይሻል ነበር፤ የተናደደ ሰው ቢያንስ ማመካኛ አያጣም። እኔ ግን ረጋ ብዬ ነው የደወልኩት።

ስሙ ሰጋቱራ ነው። አናጢ ስለሆንኩና መልኩም ከመጋዝ ሥር የሚወድቀውን የእንጨት ብናኝ ስለሚመስል ሌላ ስም መፈለግ አላስፈለገንም። ወርክሾፔና መኖሪያችን አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ የሚለያቸው አንድ በር ብቻ ነው። ገና ቡችላ ሆኖ የመጣ ቀን የሰጋቱራው ክምር ላይ ወጥቶ ተጠቅልሎ ተኛ፤ ዘጠኝ ዓመት አልጋው እሱ ሆነ። ከመጋዝ ማሽኑ ሁለት እርምጃ አይርቅም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ጠባዩ ተበላሸ። ስጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳ ያያል። ደንበኛ በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ጠባቂ ተብዬው እንቅልፉን ይለጥጣል። ምግቡን መተው ጀመረ። ባለቤቴን እግር በእግር እየተከተለ፣ አንድ ደቂቃ ከዓይኑ ከጠፋች ያላዝናል። ጥላ ባየ ቁጥር ይበረግጋል።

"ይሄ ውሻ ንቆኛል" አልኳት አንድ ቀን።

"አንተም ሦስቴ ካልተጠራህ አትመጣም። እኔ ንቀኸኛል ብያለሁ?"

"እኔን ከውሻ ጋር ታወዳድሪኛለሽ?"

"አላወዳድርህም። እሱ አይጮህብኝም።"

እውነቷን ነው። ከማሽን ጋር የኖረ ሰው ሰላምታውም ጩኸት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰፈሩ ሁሉ "ጯሂው" እንደሚለኝ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት ባለቤቴ ወርክሾፑን ልትጠርግ ገባች። ሰጋቱራ ተኝቶ ነበር። ጎንበስ ብላ ጀርባውን ነካ ስታደርገው ዘሎ እጇን ነከሳት። ወዲያው ለቀቃትና ጠረጴዛ ሥር ገብቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የእጇን ደም ሳይ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አቆመ። የሞራሌ እንጨት ቁራጭ አነሳሁና ጎኑን መታሁት። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ።

"ተው አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች። "ተኝቶ ነው! እኔ ነኝ ያስደነገጥኩት!"

አልሰማኋትም። ጤና ጣቢያ ሄዳ እጇን አሰፍታ ተመለሰች፤ ከበር ስትገባ መጀመሪያ የጠየቀችው "ሰጋቱራ በላ?" ብላ ነው። እኔ ግን ወስኜ ነበር። የሰው ሥጋ የቀመሰ ውሻ አይመለስም እያልኩ፣ ከየት እንደሰማሁት የማላውቀውን ነገር አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

የደወልኩላት የእንስሳት ሐኪም ረቡዕ ከሰዓት መጣች። ልጄ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ናት፣ ቦርሳዋ ከእሷ ይከብዳል። የውሻውን ጥፋት እንደ ዓቃቤ ሕግ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "መርፌውን ከማውጣቴ በፊት ልየው ጋሼ" አለችኝ።

አፉን ከፍታ አየች፣ ዓይኑን አየች፣ ሆዱን ዳበሰች። ጎኑ ላይ ስትደርስ አቃሰተ።

"እዚህ ጋ ምን መታው?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እንጃ ልጄ፣ እንጨት ወድቆበት ይሆናል" አልኳት። ባለቤቴ የታሰረ እጇን በሌላ እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ።

ሐኪሟ ተነሳችና ሁለት ጣውላ አንስታ ከውሻው ኋላ ሄዳ ቆመች። በኃይል አጋጨቻቸው። እኔ ዘለልኩ፣ ባለቤቴ "በስመአብ!" አለች። ሰጋቱራ ግድግዳውን ያያል። ደግማ አጋጨቻቸው። ጆሮውን እንኳን አላነቃነቀም።

"አይሰማም" አለች።

"ምን አይሰማም?"

"ምንም አይሰማም።"

ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘች። ማሽኑን አየች፣ የውሻውን መኝታ አየች፣ ከማሽኑ በላይ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የጆሮ መሸፈኛ አየች።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው። ጆሮዬን ሲያመኝ ባለቤቴ ገዛችልኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።"

"እሱስ ያኔ የት ነበር የሚተኛው?"

ዓይኔ የማሽኑ እግር ላይ አረፈ። ያኔ ትዝ አለኝ። ሰጋቱራ መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ሲነሳ ይሸሽ ነበር። ጅራቱን ቀብሮ በሩን ይቧጭር ነበር። እኔ ደግሞ ብቻዬን መሥራት ስለማልወድ፣ "ፈሪ! ወንድ አይደለህም?" እያልኩ እየሳቅኩ ከማሽኑ እግር ጋር በገመድ አስረው ነበር። እኔ ጆሮዬን ሸፍኜ፣ እሱን አስሬ፣ እንጨት እንሰነጥቅ ነበር። አንድ ቀን መሸሹን ተወ። ገመዱን ፈታሁለት። ለደንበኛ ሁሉ፣ "እዩት የኔን ጀግና! ማሽን ሲያጓራ ጆሮውን አያነቃንቅም" እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ። ጆሮው እያለቀ መሆኑ አልገባኝም።

"ያልሰማ ውሻ ያልታዘዘ ይመስላል" አለች ሐኪሟ። "ጆሮው የዘጋበት ውሻ፣ ሰው ሁሉ ድንገት ከሰማይ የሚወርድበት ነው የሚመስለው። በተለይ ተኝቶ ሳለ። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋው፣ እማማን እግር በእግር የሚከተለው ስለፈራ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ጎኑ ደግሞ ያመዋል፤ የሚያመውን ቦታ ሊነካ የመጣን እጅ ማንም አይወድም።"

መርፌውን ሳታወጣ ቦርሳዋን ዘጋች። መኝታው ጸጥ ወዳለው ክፍል ይዙር፤ ከፊት ለፊቱ ኑ፤ ተኝቶ ከሆነ ወለሉን በእግር መታ መታ አድርጉ፣ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል አለች። የሕመም ማስታገሻም ሰጠችን። "ከዚህ በኋላ የሚገባው ቋንቋ እጅ ነው። እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ሲመጣ የሚወደውን ስጡት። ቶሎ ይለምዳል።"

እንደሄደች ሥጋ ቆርጬ መጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ቸኩያለሁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ቀኝ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

ሰጋቱራ ወለሉ ላይ ተለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ከሥሩ ሽንቱ ፈሰሰ።

የቀረን ቋንቋ እጅ ነበር፣ በእጄ ደግሞ ሰኞ ዕለት በሞራሌው ነግሬው ነበር። ሥጋው ከእጄ ወደቀ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቀስ ብላ ዞረችውና ፊት ለፊቱ ስትደርስ እጇን ከፍ አደረገች። የነከሰውን፣ በፋሻ የታሰረውን። ዓይኑን ገልጦ አያት። እየተሳበ ሄዶ ፋሻውን ላሰላት። ያን ጊዜ ወርክሾፑ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ መዶሻ ኪሴ ውስጥ እንዳለ።

"ደውልላት" አለችኝ ባለቤቴ ሳታየኝ።

ደወልኩ።

"ልጄ፣ እንጨት አልወደቀበትም። እኔ ነኝ የመታሁት።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ሁለት እብጠት ጎን ለጎን ነው ያለው። የወደቀ እንጨት ተነስቶ ድጋሚ አይወድቅም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ራስዎ ይነግሩኝ እንደሆነ ብዬ። ባይደውሉ ነገ ጠዋት መጥቼ ልወስደው ነበር።"

ይህ ከሆነ አርባ ቀን አለፈው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔም አልረሳሁም፣ እሱም አልረሳም። ሰጋቱራ አሁን ይበላል፣ ሳሎን ይተኛል፣ ባለቤቴ እጇን ስታነሳ እየጋለበ ይመጣል። እኔ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ማሽኑን አጥፍቼ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። እጄን አላነሳም። መዳፌን ዘርግቼ መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ውስጡ ቁራጭ ሥጋ አለ። እጠብቃለሁ።

ትናንት አንድ ክንድ ያህል እስኪቀረው ቀርቦኝ ቆመ። ሥጋውን አላየም። እጄን ነው ያየው፣ ለረጅም ጊዜ። እኔም አብሬው እጄን አየሁት።