አክስቴ ያፀዳችው ኪቦርድ

አክስቴ የአውቶቡስ ትኬት ትሸጣለች። ቢሮዋ ከቁም ሳጥን ትንሽ ይሰፋል፤ ኮምፒዩተሩና ፕሪንተሩ ግድግዳውን ተጠግተዋል፣ የቀረውን ቦታ ራሷ ሞልታዋለች። ትኬት ቆራጯ አግብታ ስትሄድባት "እኔ አለሁልሽ" አልኳት።

"አንቺ? ከመቼ ወዲህ ነው ዓይንሽ ማየት የጀመረው?"

"ዓይኔማ ያው ነው። ጆሮዬን ቅጠሪው።"

ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያነብልኛል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰውዬ ይመስላል። እኔ ደግሞ ችኩል ስለሆንኩ ፍጥነቱን ጥግ ድረስ ጨምሬዋለሁ። አክስቴ መጀመሪያ የሰማችው ቀን "ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚራገመው?" ብላ ደንግጣ ነበር። ማውስ የሚባል ነገር አልነካም። ኤች ስጫን ከአንዱ ጉዞ ርዕስ ወደ ሌላው እዘላለሁ፤ ቢ ስጫን ክፍት ወንበሮቹ ላይ በየተራ አርፋለሁ፤ ኢ ስጫን የመንገደኛው ስም የሚጻፍበት ሳጥን ላይ ከች! ሦስት ፊደል ነው። ሰባተኛ ክፍልን ላቋረጠ ሰው ይበቃል።

አክስቴ አንድ ጠዋት ሰጠችኝ፣ ለሙከራ። "ሰልፉ ከበሩ ካለፈ ግን ወደ እናትሽ ነሽ።"

እናቴ ጋ ማለት ሶፋ ላይ ማለት ነው። እናቴ ትወደኛለች። ችግሩ እንደ አበባ ማስቀመጫ ነው የምትወደኝ፤ እንዳልሰበርባት ካስቀመጠችኝ ቦታ አታነሳኝም።

የመጀመሪያው መንገደኛ ሻንጣውን ትኬት የምሸጥበት መስኮት ስር ዱብ አድርጎ የሚሄድበትን ነገረኝ። ኤችን ተጫንኩ።

"ሌላ ስዕል የለም" አለ ጉንፋናሙ።

ስዕል ማን ጠየቀህ? ደገምኩት። አሁንም ስዕል የለም። ቢ ብለው ጭራሽ ሌላ ነገር ይቀባጥራል።

"ልጅቷ ጣሪያውን ነው እንዴ የምታየው?" አለ ሰውዬው፣ ከኋላው ላሉት።

"ጣሪያው ላይ ወንበር ካለ ልይልዎት ብዬ ነው።"

ሰልፈኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ኤችን ደግሜ ደጋግሜ እጫናለሁ። ጫጫታው በሩ ጋ ደርሷል። አክስቴ አንገቴ ላይ እየተነፈሰች "በቃ ተነሺ፣ ራሴ ልሞክረው" አለች። እሷ አንድ ትኬት ቆርጣ እስክትጨርስ አውቶቡሱ ደርሶ ይመለሳል።

"ቆይ አንዴ!"

ኤፍና ጄ የሚባሉት ቁልፎች ላይ ትንንሽ ጉብታ አለ። ጣቴን እነሱ ላይ አሳርፌ ነው ሌላውን ሁሉ የማገኘው። ዳበስኩ። ልሙጥ! ለካ በችኮላ ሳልዳብስ ጀምሬ እጄ አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ሸርተት ብሏል፤ ኤች እያልኩ ጎረቤቱን፣ ስዕል የሚፈልገውን ጂ የሚባል ቁልፍ ነው ስጨቀጭቅ የቆየሁት።

"አክስቴ፣ ኪቦርዱን ምን አደረግሽው?"

"ምን አደርገዋለሁ፣ አፀዳሁልሽ እንጂ! ያቺ አግብታ የሄደችው ዝርክርክ ምሳዋን ስትበላበት ከርማ፣ ሁለቱ ቁልፎች ላይ ምግብ ደርቆ! በቢላዋ ፍቄ ፍቄ ነው መከራዬን አይቼ ያስለቀቅኩት።"

"ምግብ አይደለም እኮ! ዓይኔን ነው የፋቅሽው!"

 

ከዳር ጀምሬ ቁልፎቹን እየቆጠርኩ ሁለቱን አገኘኋቸው። ከዚያ የማኝከውን ማስቲካ ከአፌ አውጥቼ፣ ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ለጠፍኩባቸው።

"ኤጭ! በሰው ፊት!"

"ቢላዋሽ ይሻላል?"

ኤች። "የጠዋት ጉዞ።" እሰይ! ቢ፣ ቢ፣ ቢ።

"መስኮት ጋ ነው መተላለፊያው ጋ?" አልኩት ሰውዬውን።

"መስኮት... ጋ ይሁንልኝ" አለ፤ ድምፁ ወርዷል። ስሙን ጻፍኩ፣ ፕሪንተሩ ተንጫጫ፣ ትኬቱን ተቀብሎ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። ቀጣይ! ሕፃን ያዘለች፣ የሚያስነጥስ ሽማግሌ፣ ሒሳብ ከፍለው ከመስኮቱ ሳይርቁ የሚጣሉ ባልና ሚስት። ጫጫታው ከበሩ ወደ መስኮቱ እየሸሸ፣ እየሸሸ መጣ።

አንዲት ሴትዮ በራሴ ላይ አሻግረው አክስቴን "ትኬት ቆራጯ የለችም?" አሏት።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ፊትዎ ቁጭ ብላ የለ እንዴ! እኔን ምን ይጠይቁኛል? እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም።"

"ወዴት ነው?" አልኳቸው።